ለፊልም የተተከለው ድንኳን

ቦሌ አራብሳ፣ ፈዲላ በምትኖርበት ግቢ፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሷ በር ነው። አንድ ሰው ደረጃውን ወጥቶ በሩን መታ መታ ያደርጋል፤ እሷም ከምስማሩ ላይ ቁልፉን አውርዳ ትከተለዋለች። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች፣ ብርጭቆና ሰሃኑ በሙሉ በእሷ እጅ ናቸው። ብርጭቆ ሲሰበር "ተሰበረ" ትላለች እንጂ ማን ሰበረው ብላ አትሟገትም። ሐዘን ላይ ካለ ሰው ጋር በብርጭቆ አይጨቃጨቁም። ደግሞም ፈዲላ ከማንም ጋር መጨቃጨቅ ከተወች ቆይታለች፤ ሆነ ካሏት ሆነ ነው፣ ቀረ ካሏት ቀረ ነው።

ስድሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ባሏ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳ የነበረ ሰው ነው፤ ከሞተ ቆየ። አንዲት ልጇ ሮሃ፣ አትላስ አካባቢ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ የአራብሳ መንገድ ሲያሰለቻት እዚያው ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ቀረች። ፈዲላ እጅ ላይ የቀሩት እናቷ ናቸው። ስማቸው ሀጀር ነው። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ካዛንቺስ ወልደው፣ ካዛንቺስ አርጅተው፣ ቤታቸው ሲፈርስ ከልጃቸው ጋር አራብሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገቡ።

እማማ ሀጀር አንድ ነገር አላቸው፤ ለቅሶ አይቀራቸውም። ድንኳን ተተክሎ ካዩ፣ ሟቹን ይወቁትም አይወቁትም፣ ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ ጥቁሩን ነጠላ ደርበው ይወርዳሉ። ማን ሞተ ብለው ግን ጠይቀው አያውቁም። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ሕፃን፣ ከየትኛው ብሎክ ይሁን፣ ምንም። ገብተው ከሴቶቹ መሀል ይቀመጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ያለቅሳሉ። ድምፅ የላቸውም። ትከሻቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ እንባቸው ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ከሟቹ ቤተሰብ ይብሳሉ።

ሰፈሩ በዚህ ይቀልዳል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሚስኪ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት፣ አንድ ጊዜ የእማማ ሀጀር እንባ ከድንኳኑ ጋር በእድሩ ንብረትነት ይመዝገብ ብላ ሰውን ለቅሶ ቤት ውስጥ አስቃለች። ፈዲላም ከሰው ጋር ሳቀች። ምን ታድርግ። እናቷን ደግፋ ደረጃውን የምታወርደውም የምታወጣውም እሷ ናት፤ ወገቧን የሚያማትም እሷን ነው። የእርጅና ጠባይ ነው ብላ ትታዋለች።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የእናቷ ልብ ደከመ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ሲጨርስ ፈዲላን ለብቻዋ ጠራትና ደረጃ መውጣት መውረዱ ይቅር፣ ለቅሶም ይቅር፣ ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ለሁሉም ነገር ተዘጋጂ አላት። ፈዲላ እሺ ብላ ወጣች። ታክሲ ውስጥ እናቷ ትከሻዋ ላይ ተደግፈው ሲያንቀላፉ ግን አንድ ሐሳብ መጣባትና ከዚያ ቀን በኋላ አልለቅ አላት። እናቴ የሰውን ሁሉ አልቅሳ የራሷን ሳታለቅስ ልትሄድ ነው።

የራሳቸው የሚባለው ሃይደር ነው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው፣ የፈዲላ ታላቅ ወንድም። ቀይ ሽብር የተባለው ጊዜ ላይ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አንድ ማለዳ ከአልጋው አንስተው ወሰዱት። በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ ታስሮ ሳለ ምሳ የምታመላልስለት ፈዲላ ነበረች፤ ልጅ ናት፣ አይነኳትም ተብሎ። ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ምሳ ዕቃውን ታደርስና እየሮጠች ትምህርት ቤት ትገባለች። አንድ ቀን በሩ ላይ የቆመው ሰው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰላትና ከእንግዲህ አታምጪ አላት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ፊታቸውን ሲያዞሩ ገባት።

ቤት ስትደርስ እናቷ ምሳ ዕቃውን ተቀበሏት። ክዳኑን አንስተው ያልተነካውን ምግብ አዩት። ከዚያ ምግቡን ለውሻ ደፉት፣ ዕቃውን አጠቡት፣ አደረቁት፣ ከመደርደሪያው ላይኛው ክፍል ላይ አስቀመጡት። ጎረቤት አልመጣም፤ መምጣት አይቻልም ነበር፣ የተገደለ ልጅ አይለቀስለትም ነበር። በማግስቱ ፈዲላ ደብተሯን ይዛ ስትነሳ እናቷ በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ከዛሬ ጀምሮ ቤት ትውያለሽ አሏት። በቃ። ትምህርቷም እዚያ ላይ ቀረ።

ወንድሟን ደርግ ወሰደባት፣ ትምህርቷን ደግሞ እናቷ። ፈዲላ እንዲህ ብላ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ በልቧ ግን ይኼው ነበር። ለቤት ሥራ ጉልበቷን ስለፈለጉት እንደሆነ ታምናለች። እህቶቼ የምትላቸው የክፍል ጓደኞቿ ነርስና ጸሐፊ ሲሆኑ እሷ የሰው ልብስ አጠበች፣ እንጀራ ጋግራ ሸጠች፣ አሁን ደግሞ የለቅሶ ዕቃ ትጠብቃለች። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ብዙ ቤተሰብ ዘግይቶም ቢሆን የልጁን ለቅሶ ሲቀመጥ፣ አንድ ጊዜ ደፍራ እኛም ለሃይደር እንቀመጥ ብላ ነበር። እናቷ ብድግ ብለው ወጡ፤ ለብዙ ቀን አላናገሯትም። ከዚያ ወዲህ ስሙ እዚያ ቤት ተጠርቶ አያውቅም።

በቴሌቪዥን የዚያ ዘመን ፊልም ሲመጣ እማማ ሀጀር ወደ መኝታ ክፍል ይገባሉ። ፈዲላ ግን አንዳንዴ ታያለች። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ይጮሃሉ፣ መኪና ይቆማል፣ ቆንጆ ልጅ ታለቅሳለች፣ ዋሽንት ይመጣል። መጥፎ አይደለም ትላለች። ግን የእነሱ ቀን ዋሽንት አልነበረውም። የእነሱ ቀን የሚመስለው እናቷ ምሳ ዕቃ ሲያጥቡ የውሃው ድምፅ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ፊልም አድርጎት አላየችም።

ሰምሃል የመጣችው በጥቅምት ነው። ፊልም የምትሠራ ወጣት ሴት ናት፤ ቢሮዋ ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነው፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሮሃ በምትሠራበት ሆቴል ምሳ ትበላለች። አሮጌ የእድር ድንኳን ብንፈልግ ከየት እናገኛለን ብለው ሲጨነቁ ሮሃ ሰማችና እናቴ ጋ አለ አለቻቸው። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ተካልኝ፣ በጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ሰው ናቸው፣ መተዳደሪያ ደንቡን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ድንኳን ለፊልም አይሰጥም የሚል አንቀጽ ስለሌለ ይሰጥ አሉ። ግቢው ውስጥም ተተክሎ እንዲቀረጽ ፈቀዱ።

ሰምሃል ድንኳኑን ለማየት ስትመጣ ፈዲላ ዕቃ ቤቱን ከፈተችላት። ልጅቷ ሸራውን በእጇ እየዳሰሰች ስለ ፊልሙ ታወራለች፤ ፈዲላ ከትሕትና እንጂ ከልቧ አልሰማቻትም ነበር። ጠመንጃ የለበትም አለች ሰምሃል። እስር ቤትም አይታይም። ቤት ውስጥ ያለው ነው የሚታየው፤ ሰው በገዛ ቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ። ልጇ የተገደለባት እናት አለች፣ እንዳታለቅስ ተከልክላለች።

"ታዲያ ድንኳኑ ለምንድን ነው?" አለች ፈዲላ። "ለቅሶ ከተከለከለች ድንኳን ከየት መጣ?"

"የእሷ አይደለም፣ እትዬ ፈዲላ። የጎረቤቷ ነው። አንድ ሽማግሌ ታመው ይሞታሉ። እሷ እዚያ ትሄድና በሽማግሌው ስም ልጇን ታለቅሳለች። አክስቴ ናት የነገረችኝ፤ በዚያን ጊዜ እናቶች እንዲህ ያደርጉ ነበር፣ የሰው ለቅሶ እየፈለጉ።"

ፈዲላ አንድ አግዳሚ ከቦታው አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ እላዩ ላይ ተቀመጠች። ሰምሃል አመመሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ደክሞኝ ነው አለች። ስንቱን ደረጃ ደግፋ አውርዳቸዋለች፣ ስንት ድንኳን ውስጥ አጠገባቸው ቆማ ሻይ አቅርባለች። ማን ሞተ ብለው የማይጠይቁት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባት። የሞተው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር።

የቀረጻው ቀን ማክሰኞ ሆነ። ፈዲላ እናቷ ድንኳኑን እንዳያዩ ወሰነች። ልባቸው አይችለውም ብላ ፈራች። የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋች፣ ታች የውሃ ቧንቧ እየጠገኑ ነው አለቻቸው። ሚስኪን ደግሞ እስከ ከሰዓት እማዬን ጠብቂልኝ ብላ ለመነቻት። ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም። አቶ ተካልኝ ድንኳኑ ለፊልም እንደሆነ በእድሩ ቴሌግራም ላይ አሳውቀው ስለነበር ሰው ሁሉ ያወቀ መስሏት ነው። ሚስኪ ግን ቴሌግራም ላይ የምታየው የልብስ ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ የግቢው አዛውንት ደግሞ ስልኩን የሚያነሱት ሲጮህ ብቻ ነው።

ድንኳኑ ተተከለ። በዚህ አገር ድንኳን ሲታይ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። መጀመሪያ ከፊት ለፊቱ ብሎክ ሁለት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው መጡና እግዜር ያጽናችሁ ብለው ተቀመጡ። ቀጥሎ ሴቶች ዳቦና ፔርሙዝ ይዘው መጡ። ውስጥ የፊልሙ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እግሩ የሰፋ ሱሪ የለበሱ፣ ጸጉራቸው እንደ ጎፈሬ የተበተነ ወጣቶች። አንዷ ሴት አየት አደረገቻቸውና የሟቹ ዘመዶች ከውጭ አገር የመጡ ይመስሉኛል፣ እንዲህ ያለ ሱሪ እዚህ አይገኝም ብላ ለአጠገቧ ሹክ አለች። ሰምሃል ደግሞ አዛውንቱን ስታይ አቶ ተካልኝ የጨመሩላት ሰዎች መሰሏት። እንዴት ያለ ፊት አላቸው እያለች ተደሰተች፤ ካሜራውን ወደ እነሱ አስጠጋችው። ስለዚህ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ድንኳኑ ሞላ።

ፈዲላ ይህን ሁሉ አላየችም፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች።

ሚስኪ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእማማ ሀጀር ጋር ተቀምጣ መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ ድንኳኑን አየችው። ደነገጠች። ሰው ሞቶ ፈዲላ ሥራ በዝቶባት ነው እናቷን ለእኔ የተወችው ብላ አሰበች። እማማ ሀጀርም በትከሻዋ ላይ አሻግረው አዩት።

"ሻሼን አቀብዪኝ" አሉ።

ሚስኪ ትንሽ አመነታች። ሐኪሙ የተናገረውን ሰምታለች። ግን ለቅሶ ቀርቶባቸው የማያውቁትን ሰው ዛሬ እኔ ላስቀራቸው ወይ ብላ፣ ክንዳቸውን ይዛ ቀስ እያለች አወረደቻቸው። አስገብታም ከፊት፣ ሐዘንተኛ ከምትመስለው ሴት አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

ያቺ ሴት ተዋናይቷ ነበረች። ቀረጻው ተጀምሮ ነበር። አንድ ሰው ስለ ሟቹ ሽማግሌ ደግነት እያወራ፣ ካሜራው ከጥግ ሆኖ እሷን ያያል። ተዋናይቷ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከታ ትንቀጠቀጣለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅ የላትም።

እማማ ሀጀር ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሊጥሉ እጃቸውን አንስተው አዩዋት። እጃቸው እንደተነሳ ቀረ። በሕይወታቸው ራሳቸውን ከውጭ ሆነው አይተው አያውቁም። ፈዲላ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ከድንኳኑ በር ላይ የደረሰችው በዚህ ጊዜ ነው። እናቷን ስታይ እዚያው በሩ ላይ ቆመች።

"አብሽሪ፣ ልጄ" አሉ እማማ ሀጀር። ነጠላውን ከተዋናይቷ አፍ ቀስ አድርገው ሳቡት። "አውጪው። ያፍንሻል። እኔ አውቀዋለሁ፣ ያፍናል።"

ተዋናይቷ ወደ ሰምሃል አየች። ሰምሃል አቁሙ ማለት ነበረባት፤ አላለችም።

"የማንን ነው የምታለቅሺው?" አሉ እማማ ሀጀር።

ይህ ጥያቄ በፊልሙ ድርሰት ውስጥ አልነበረም። "የልጄን" አለች ተዋናይቷ።

"ታዲያ ስሙን ጥሪው እንጂ። ስሙ ያልተጠራ ለቅሶ ለማን ይደርሳል?"

"አልችልም፣ እማማ።"

"ከለከሉሽ?"

ተዋናይቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አሁን የምታለቅሰው የእውነት ነው።

"እኔንም ከለከሉኝ" አሉ እማማ ሀጀር። እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አድርገው፣ ለብቻቸው ያሉ ያህል ያወራሉ። "ሬሳውን አልሰጡኝም። ቤቴ ድረስ መጡና ድምፅሽ ከዚህ አጥር ካለፈ ሴቷንም እንወስዳታለን፣ ትምህርት ቤቷንም እናውቀዋለን አሉኝ። አንድ የቀረችኝ እሷ ናት። ቤት አስቀመጥኳት፣ ከዓይኔ አላራቅኋትም። ድምፄንም ዋጥኩት። ከዚያ ሰው ቤት እየዞርኩ አለቀስኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የማንንም ሟች አልቅሼ አላውቅም። ሁልጊዜም የእሱን ነው።"

ፈዲላ ትሪውን አጠገቧ ለቆመ አንድ ባለጎፈሬ ወጣት ሰጠችው። ሄዳ ከእናቷ እግር ስር፣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እማ" አለች፤ "እኔ እዚህ ነኝ። ማንም አይወስደኝም። አሁን ጥሪው።"

እማማ ሀጀር ልጃቸውን አዩዋት። ሽበቷን አዩት፣ በብርጭቆ እጥበት የተላጠ እጇን አዩት፤ የሚፈሩላት ልጅ ልጅነቷ ካለፈ ስንት ዘመን እንደሆነ ያኔ ያዩ ይመስል። መጀመሪያ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"ሃይደር" አሉ። ቀጥሎ ጠንከር አድርገው፣ "ሃይደሬ። የኔ ለግላጋ። ሃይደሬ።"

ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ወጣ። ከዚያች ቀጭን አሮጊት ይወጣል ተብሎ የማይታሰብ ድምፅ ነበር፤ ከድንኳኑ አልፎ ብሎኮቹ መሀል ሲዞር ሰው በረንዳው ላይ ወጣ። እየጠሩት ነገሩት፤ ሲወለድ ዝናብ እንደነበር፣ ቁመቱ በአንድ ክረምት እንደተመዘዘ፣ እህቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ይወስዳት እንደነበር። ሴቶቹ አብረዋቸው አነቡ። ሚስኪ፣ ቀልዷን ሁሉ ረስታ፣ ተንበርክካ እግራቸውን ያዘች። የፊልሙን ድምፅ የሚቀርጸው ልጅ የማይክሮፎኑን ዘንግ ዝቅ አድርጎ ፊቱን ወደ ሸራው አዞረ።

ወሬው ሲሰማቸው አቶ ተካልኝ እየሮጡ መጡ። ነገሩን ሲረዱ ከልማዳቸው የተነሳ በደንባችን መሠረት ብለው ጀመሩ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ደንቡ ሟቹ የሞተበትን ዓመት አይጠይቅም" አሉ። "እማማ ሀጀር አባላችን ናቸው። ድንኳኑ አይነሳም።"

አልተነሳም። ሰምሃል የቀራትን ቀረጻ ተወችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዱዓ አደረጉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ፣ አሜን አለ። ሮሃ ከነሥራ ልብሷ ከአትላስ መጥታ፣ አጎት እንደነበራት እያለቀሰች ሰማች። የፊልሙ ወጣቶች ልብሳቸውን ለመቀየር አልተመቻቸውም፤ በዚያው በሰፊ ሱሪያቸውና በተበተነ ጸጉራቸው ሻይና ዳቦ ያዞሩ ጀመር። አንዱ ብርጭቆ ሲሰጣቸው እማማ ሀጀር ቀና ብለው ሱሪውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ሃይደርም እንዲህ ያለ ነበረው" አሉ። "መንገድ ይጠርጋል እያልኩ እቆጣው ነበር።" ፈገግ አሉ። ልጁም ፈገግ አለ። ስሙን አልጠየቁትም፤ ግን ዳቦ ቆርሰው አጎረሱት።

አመሻሹ ላይ ፈዲላ እናቷን ደግፋ ደረጃውን ወጣች። ልባቸውን ፈርታ ነበር፤ እሳቸው ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ የቆሙት ትንፋሽ ለመውሰድ ብቻ ነው፤ ፊታቸው የታጠበ ሰው ፊት ይመስላል።

"ከትምህርት ቤት ያስቀረሽኝ ለዚህ ነው?" አለች ፈዲላ።

"ታዲያ ለምን መሰለሽ?"

"ለሥራ ፈልገሽኝ።"

እናቷ ተገርመው አዩዋት። "አንቺን? ለሥራ? ውሃ ቅጂ ብዬ ብልክሽ እንስራ ሰብረሽ የምትመጪውን?"

ፈዲላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ልቅሶ፣ ልቅሶው ወደ ሳቅ እየሄደባት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እናቷም አጠገቧ ተቀመጡ። ጎረቤት ሲያልፍ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ሲሄድ እንደገና ይጀምራቸዋል። ይህን ሁሉ ዘመን የተወሰደባት የመሰላት ነገር የተሰጣት ነበር። ትምህርቱ አሁን አይመለስም፤ ያንን ታውቃለች፣ አትዋሽም። ግን ለእሷ ሲባል አንዲት እናት ድምፅዋን ዕድሜ ልክ እንደዋጠች ማወቅ ራሱ ሌላ ዓይነት ሀብት ነው፤ ምን ብላ እንደምትጠራው ባታውቅም።

ከሰልስቱ በኋላ ሰምሃል ተመልሳ መጣች። ካሜራው ያን ቀን አልቆመም ነበር። ሁሉም ነገር ተቀርጿል። አንገቷን ደፍታ፣ የእናንተ ነው፣ አጥፊው ካላችሁኝ ፊታችሁ አጠፋዋለሁ አለች። ፈዲላ መልሱ የእሷ እንዳልሆነ ነገረቻትና ወደ ውስጥ ገብታ እናቷን ጠየቀቻቸው።

"ያኔ ከአጥር እንዳይወጣ ነው ያሉት" አሉ። "ይውጣ። ስሙ ሳይቆረጥ ግን። ስሙን ካስቀሩት ይተዉት።"

ሰምሃል ስሙን እንደማታስቀር ቃል ገባች። ስትወጣ የፈዲላን እጅ ይዛ ተሰናበተቻት። ፈዲላ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠቻት፤ ከሰልስቱ የተረፈ ነበር።

ፊልሙ ገና አላለቀም። መቼ እንደሚያልቅ ሮሃም አታውቅም፤ እነዚህ ሰዎች ነገ ሲሉ ዓመት ነው ትላለች። ፈዲላ አትቸኩልም። ምሳ ዕቃው ከካዛንቺስ ጀምሮ በየቤቱ አብሯቸው የዞረ ነው፤ ሰሞኑን ከመደርደሪያው አውርዳ ሽሮ ማስቀመጫ አደረገችው። እናቷ አዩና ክዳኑ ላላ ብሏል፣ አጥብቀሽ ዝጊው ብቻ አሏት።

በኅዳር መጨረሻ ደግሞ በሩ ተንኳኳ። ፈዲላ ከምስማሩ ላይ ቁልፉን አወረደች። አራተኛው ብሎክ ውስጥ ሰው ሞቶ ነበር። ስትመለስ እናቷን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ጥቁሩን ነጠላ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አልለበሱትም። ሐኪሙን ልታነሳባቸው አስባ ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው ተናገሩ።

"ማን ነው የሞተው?" አሉ።

ፈዲላ ቁልፉን እንደያዘች ቆመች። "አንድ አናጢ ነው፣ እማ። አታውቂውም። ሦስት ልጆች አሉት።"

"ስሙስ?"

ስሙን ነገረቻቸው። እማማ ሀጀር ስሙን ደገሙት፣ አንድ ጊዜ፣ ቀስ አድርገው፣ እንዳይጠፋባቸው የፈሩ ይመስል።

"አላህ ይዘንለት" አሉ። "ሻሼን አቀብዪኝና ቀስ ብለን እንውረድ። ልጆቹን ላያቸው።"